ሥራ የበዛበት ቀን ለምን ሥራ ሳይሠራበት ይመሻል?

ከጠዋቱ 2፡30 ነው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አዲስ አበባ ከሚገኘው መሥሪያ ቤቷ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፍታለች። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ዓርብ ጠዋት ከኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ዛሬ ልትጨርሰው ቆርጣ ተነስታለች።

ወንበሯን ሳታሞቅ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ቡድን መልእክት ገባ፤ መለሰች። አንድ ባልደረባዋ “አንድ ደቂቃ ብቻ” ብሎ ገባና ሃያ ደቂቃ ቆየ። በሩ ላይ ሁለት ባለጉዳዮች ቆመዋል። 4 ሰዓት ላይ ያልታሰበ ስብሰባ ተጠራ። ከምሳ በኋላ መብራት ጠፋ። 11፡30 ሲሆን ቦርሳዋን አነሳች። ደክሟታል፤ ቀኑን ሙሉ እጇ ሥራ አልፈታም። ሪፖርቱ ግን ጠዋት ከነበረበት የተራመደው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የቀረውን ይዛ ወደ ቤት ትሄዳለች፤ ልጆቿ የሚጠብቁት ምሽትም ለሪፖርቱ ይውላል።

ይህች ባለሙያ ለምሳሌ ያህል የቀረበች ናት። ሆኖም ናይሮቢ በሚገኝ ቢሮ፣ ዱባይ ባለ ሱቅ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ቀኑን በእሷ ቀን ውስጥ ሳያየው አይቀርም። ጥያቄውም የሁሉም ነው፦ ይህን ያህል ተሠርቶ፣ ዋናው ሥራ የት ገባ?

የተከፋፈለ ልብ

አማርኛ ትኩረትን የሚያስቀምጠው ልብ ውስጥ ነው። “ልብ በል” እንላለን፤ “ልቤ እዚህ የለም” እንላለን። ሥራውን አጥብቆ የያዘ ሰው “በአንድ ልብ ይሠራል” ይባላል። ተመራማሪዎች ባለፉት ሁለት አስርታት በሰዓት መቁጠሪያና በኮምፒውተር መመዝገቢያ ሲለኩ የቆዩትም ይኸው ልብ በቀን ውስጥ ስንት ቦታ እንደሚከፋፈል ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የኢንፎርማቲክስ ፕሮፌሰር ሆነው የሠሩት ግሎሪያ ማርክ የቢሮ ሠራተኞችን አጠገባቸው ሆነው በመከታተል ጥናታቸውን ጀመሩ። በ2004 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) አንድ ሰው ዓይኑን ከአንድ የኮምፒውተር ገጽ ወደ ሌላ ከማዞሩ በፊት በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቆይ ነበር። በ2012 ይህ ወደ 75 ሰከንድ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ልኬቶች ደግሞ አማካዩ 47 ሰከንድ አካባቢ ሆኗል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚጠቀስ ሌላ ቁጥር አለ፤ ሥራው የተቋረጠበት ሰው ወደዚያው ሥራ ለመመለስ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል የሚለው። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። ሰውየው ያን ሁሉ ደቂቃ ፈዞ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ጥናቱ ያሳየው በመካከሉ በአማካይ ሁለት ሌሎች ሥራዎችን እንደሚነካ ነው። ለባለጉዳዩ ፋይል ሊያወጣ የተነሣ ሠራተኛ መዝገብ ቤት ሲደርስ ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ሲመለስ ስልክ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሪፖርቱ ትዝ የሚለው። ቀኑን የሚበላው ይህ ሰንሰለት ነው።

በተጨማሪም ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ሰው አይደለም። የማርክና የባልደረቦቻቸው ምልከታ እንደሚያሳየው ከመቋረጦቹ ግማሽ የሚጠጉትን የሚያመጣው ሠራተኛው ራሱ ነው። ማንም ሳይጠራው ስልኩን ያነሳል፤ ማንም ሳይጽፍለት የመልእክት ሳጥኑን ይከፍታል።

አስገራሚው ነገር፣ በ2008 የታተመው የእነማርክ ሙከራ እንዳመለከተው፣ ሥራቸው የሚቋረጥባቸው ሰዎች ሥራውን ቀስ ብለው ሳይሆን እንዲያውም ፈጥነው መጨረሳቸው ነው። የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ይጣደፋሉ። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ይከፈላል፤ ውጥረታቸው፣ ብስጭታቸውና የጊዜ ጫናቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የሒሳብ ባለሙያዋ 11፡30 ላይ የተሰማት ድካም ከዚህ ጋር ይቀራረባል።

ሶፊ ልሮይ የተባሉ የሥራ አመራር ተመራማሪ በ2009 ባወጡት ጽሑፍ ለዚህ ድካም አንድ ስም ሰጥተውታል፤ የትኩረት ቅሪት ልንለው እንችላለን። ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲዘል፣ የሐሳቡ ከፊል ከመጀመሪያው ጋር ይቀራል። አካሉ ስብሰባ ውስጥ ተቀምጧል፤ ልቡ ግን ያልተደመረው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ስብሰባውንም አይከታተል፣ ሰንጠረዡንም አይደምር።

ዕቅዱ ራሱ ሲዋሽ

ታዲያ መፍትሔው ቀንን ማቀድ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናወጣው ዕቅድ ከመጀመሪያው የሐሰት ነው።

ዳንኤል ካህነማን እና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ሰዎች የገዛ ሥራቸው የሚፈጀውን ጊዜ ሁልጊዜ አሳንሰው እንደሚገምቱ ጽፈው ነበር። ይህን በጉልህ ያሳየው በ1994 የታተመው የሮጀር ቡለር፣ የዴል ግሪፊን እና የማይክል ሮስ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በካናዳ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እየሠሩ የነበሩ የሥነ ልቦና ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቋቸው። የተማሪዎቹ አማካይ ግምት 34 ቀን ገደማ ነበር። “ነገር ሁሉ ቢበላሽስ?” ተብለው ሲጠየቁ 49 ቀን ገደማ አሉ። በተግባር የፈጀባቸው በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነው። እጅግ ክፉው ግምታቸው እንኳ ከእውነታው ያነሰ ነበር ማለት ነው።

የዚህ ምክንያቱ ሰው ሲያቅድ ሥራውን ብቻ ስለሚያይ ነው። ሪፖርቱን ያስባል፤ የሚጠፋውን መብራት፣ የሚደወለውን ስልክ፣ ፊርማው የሚያስፈልገውና ከቢሮው የማይገኘውን ኃላፊ አያስብም። እነዚህ ነገሮች በተናጠል ድንገተኛ ይመስላሉ፤ በጥቅሉ ግን በየቀኑ የሚደርሱ ናቸው። በእኛ አካባቢ የሥራ ቀን ለቅሶ መድረስም፣ የታመመ ዘመድ መጠየቅም፣ የልጅ ትምህርት ቤት ጥሪም አለበት። ይህን ሁሉ “እንቅፋት” ብሎ ከዕቅድ ውጭ ማድረግ ዕቅዱን ያሳምረዋል እንጂ ቀኑን አይለውጠውም።

ስለዚህ ጠቃሚው ጥያቄ “ይህ ሥራ ስንት ሰዓት ይፈጃል?” የሚለው አይደለም፤ “ባለፈው ጊዜ ስንት ሰዓት ፈጀብኝ?” የሚለው ነው። ያለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት ሦስት ግማሽ ቀን ከወሰደ የዚህኛውም ከዚያ ብዙ አያንስም፤ “አሁን ግን ለምጄዋለሁ” የሚለው ሐሳብ ባለፈውም ጊዜ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱ ሥራ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት በማስታወሻ ደብተር ጠርዝ ላይ መጻፍ አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የራስን ቀን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መስታወት ለማግኘት ይቸግራል።

በዚህ መንገድ የተጻፈ ቀን ሲታይ ብዙ ሰው የሚደነግጠው፣ ከስምንቱ የሥራ ሰዓት ለከባድ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት መሆኑን ሲያይ ነው። አሥራ ሁለት ነገር የተዘረዘረበት ወረቀት ምሽት ላይ ዘጠኙ ሳይነካ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ዝርዝሩ ሥራዎቹን ይናገራል፤ ሰዓት ግን የለውም። አንዱን ዋና ሥራ መርጦ ከዝርዝሩ ማውጣትና “ከ2፡30 እስከ 4፡00” ብሎ በሰዓት ማሰር፣ ከሰዓት በኋላ ካለው ጊዜም ከፊሉን ምንም ሳይጽፉበት ክፍት መተው፣ ቀኑ ከሚችለው በላይ እንዳይጫንበት ያደርጋል። ክፍቱ ቦታ ባዶ ሆኖ አይውልም፤ የተቋረጠው ሥራ የሚያርፍበት እሱ ነው።

የትኛው ሰዓት?

ከባዱ ሥራ የሚቀመጥበትን ሰዓት መምረጥ ላይ መካሪዎች ብዙ ጊዜ “ማለዳ” ብለው ያልፋሉ። የሰው ተፈጥሮ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ጎህ ሳይቀድ ነው ሐሳቡ የሚጠራው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከረፋዱ በፊት ሰው አይሆንም። ለብዙዎች የጋራ የሆነው ከሰዓት በኋላ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት አካባቢ የሚመጣው መፍዘዝ ነው። ይህ በተለምዶ የምሳ ጥፋት ተደርጎ ይታያል፤ ይሁንና ምሳ ባልበሉ ሰዎች ላይም ይታያል፤ ምንጩ በከፊል የሰውነት የቀን ዑደት ነውና።

ይህን ለማወቅ ጾም የሚጾም ሰው ጥናት አያስፈልገውም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ፣ ወይም በረመዳን ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚጾም ሠራተኛ፣ የዘወትሩን የሰዓት አከፋፈል እንዳለ ይዞ መቀጠሉ ዋጋ ያስከፍለዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በረመዳን ወር የግል ድርጅቶች ሠራተኞችን የሥራ ቀን በሁለት ሰዓት እንዲያጥር ታደርጋለች። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት አገር የሚሠራ ሰው ግን ቀኑን ራሱ ማጠፍ አለበት፦ ሒሳቡ፣ ጽሑፉ፣ ውሳኔ የሚሻው ጉዳይ ጠዋት፤ ፋይል ማደራጀቱ፣ ፊርማ ማስፈረሙ፣ ቀለል ያለው ደብዳቤ ከሰዓት በኋላ።

ሌላው የቀጣናው ጉዳይ ሰዓቱ ራሱ ነው። አዲስ አበባና ናይሮቢ አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ በአማርኛም በስዋሂሊም ቀኑ የሚቆጠረው ከንጋት ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስብሰባ ጥሪ ሲደርስ ግን 3 ሰዓት የትኛው 3 ሰዓት እንደሆነ ሳይጠየቅ የቀረ ቀጠሮ ስንት ጠዋት እንዳበላሸ የሚያውቁ ያውቁታል። ከዋሽንግተን ጋር የሚሠሩ ደግሞ እዚያ የሥራ ቀን የሚጀመረው እንደ ወቅቱ በኢትዮጵያ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ጥሪው የሚበዛባቸው ሊወጡ ሲሉ ነው። ጠዋታቸው ግን በአንጻሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ይህን ጸጥታ መልእክት በማጽዳት የሚጨርስ ሰው የተሰጠውን ዕድል አልተጠቀመበትም።

“ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ”

በዕቅድና በተግባር መካከል ያለውን ርቀት ስለማጥበብ ከተጻፈው ሁሉ ቀላሉና የተሻለ ማስረጃ ያለው የጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ የፒተር ጎልዊትዘር ሥራ ነው። በአንድ ሙከራቸው ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ የሚገልጽ ሪፖርት በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ከፊሎቹ በትክክል መቼና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉት አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከእነዚህ መካከል ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ጻፉ፤ ካልወሰኑት ግን አንድ ሦስተኛው ብቻ። በ2006 ጎልዊትዘር ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን አሰባስበው ሲመረምሩም ውጤቱ ጠንካራ ሆኖ ቆይቷል።

ዘዴው ይህ ነው፦ “ሪፖርቱን ዛሬ እሠራለሁ” ከማለት ይልቅ “2፡30 ላይ ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ መልእክት ከማየቴ በፊት የሪፖርቱን ፋይል እከፍታለሁ” ማለት። ለሚያቋርጠውም ነገር እንዲሁ፦ “ባልደረባዬ ‘አንድ ደቂቃ’ ብሎ ሲመጣ፣ ያቆምኩበትን ቦታ በአንድ መስመር ጽፌ ነው ቀና የምለው።” ያቺ አንድ መስመር ትንሽ ትመስላለች። ልሮይ በኋላ ባደረጉት ጥናት ግን ሥራው ሲቋረጥ ከየት እንደሚቀጥሉ ቶሎ ጽፈው የተነሡ ሰዎች ቀጣዩን ሥራ በተሻለ ትኩረት እንደሠሩ ታይቷል።

ስልክን በሚመለከት፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት የተሠራና በ2017 የታተመ ጥናት፣ ድምፁ የጠፋ ስልክ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን የማሰብ አቅምን በመጠኑ እንደሚሻማ፣ ሌላ ክፍል ሲቀመጥ ግን ፈተናው የተሻለ እንደሚሠራ አመልክቶ ነበር። በኋላ የተደገሙ ጥናቶች ሁሉ ይህንኑ አላገኙም። ቢሆንም ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ለመክተት የሚጠይቀው ወጪ የለም። ኢሜይልን በሚመለከት በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 124 ሰዎችን ለአንድ ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ፣ ለሌላ ሳምንት ደግሞ እንዳሻቸው እንዲያዩ አድርገው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ብቻ ባዩበት ሳምንት ውጥረታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤን ቦታ በያዙበት አካባቢ ግን ይህን ለማድረግ ከኃላፊ ጋር መነጋገር ያሻል፤ ዝም ብሎ የጠፋ ሠራተኛ የሸሸ ይመስላልና።

ሰዓት መጨመር

ቀኑ ሲያንስ ሌሊቱን መበደር የተለመደ ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚያዋጣ የሚያሳይ ያረጀ ግን ጥሩ መረጃ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብሪታኒያ ለጥይት ፋብሪካ ሠራተኞቿ ጤንነት በ1915 ኮሚቴ አቋቁማ ነበር። የኮሚቴው አጥኚዎች የሠራተኞችን፣ በተለይም የሴቶችን፣ የሳምንት ሰዓትና ምርት መዘገቡ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆን ፔንካቭል እነዚያን መዝገቦች እንደገና መረመሯቸው።

በሳምንት እስከ 49 ሰዓት ገደማ ድረስ ምርት ከሰዓቱ ጋር እኩል ይጨምራል። ከዚያ በላይ የሚታከለው ሰዓት የሚያስገኘው እያነሰ ይሄዳል። በሳምንት 70 ሰዓት የሠሩት ያመረቱት 56 ሰዓት ከሠሩት እምብዛም የማይለይ ነበር። አሥራ አራት ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ለማለት ይቻላል፣ በከንቱ ቀረ። የእሑድ ዕረፍት ሲታጠፍም ምርቱ ይጎዳ ነበር። ጥይት መሥራት ሪፖርት ከመጻፍ ይለያል፤ ይሁን እንጂ የደከመ ሰው የደመረውን ሰንጠረዥ በማግሥቱ እንደገና የደመረ ሁሉ ነገሩን ለመቀበል አይቸገርም።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 በጋራ ይፋ ባደረጉት ጥናት ደግሞ በ2016 ከረዥም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም ሥር አደጋና የልብ ሕመም 745,000 ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ጥናቱ ረዥም ያለው በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራትን ነው።

ምሽቱን በቡና ማራዘምም ሒሳብ አለው። ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት የተወሰደ ከፍተኛ መጠን ያለው ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ በ2013 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። ቡናችን ሦስት ስኒ ነውና፣ የማታውን ቡና በረካ ድረስ የሚጠጣ ሰው የነገውን ጠዋት ጭምር እየጠጣው ሊሆን ይችላል።

ቀኑ የራስ ካልሆነስ?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሰው በሰዓቱ ላይ ጥቂት ሥልጣን እንዳለው ያስባል። ይህ ለብዙዎች እውነት አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ቀኗን የምታቅደው እሷ አይደለችም፤ በ2011 የጸደቀው የቤት ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይገባቸዋል ቢልም፣ ስምምነቱ ያልጸናበት ቤት ብዙ ነው። ለእሷ “ትኩረትሽን ሰብስቢ” የሚል ምክር ስድብ ሊመስል ይችላል። በመስኮት በኩል ከንጋት እስከ ምሽት ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ሠራተኛም ወረፋውን ትቶ በሩን ሊዘጋ አይችልም፤ አይገባውምም። ለባለጉዳዩ ያ ሰዓት የእሱም የሥራ ቀን ነው፤ ምናልባት ከገጠር ለዚያ ብቻ የመጣበት።

በዚህ ጊዜ ጥያቄው የግለሰብ ዕቅድ መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤቱ ይሆናል። ሌስሊ ፐርሎ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1999 ባሳተሙት ጥናት አንድ የሶፍትዌር መሐንዲሶች ቡድን እንዴት እንደሚውል ተከታተሉ። መሐንዲሶቹ እርስ በርስ እየተቋረጡ ስለሚውሉ የገዛ ሥራቸውን የሚሠሩት ማለዳ፣ ማታና በዕረፍት ቀናቸው ነበር። ፐርሎ ከኃላፊዎቹ ጋር ተስማምተው በሳምንት ሦስት ቀን እስከ ቀትር ማንም ማንንም እንዳያቋርጥ አደረጉ። ጥያቄ ያለው ከቀትር በኋላ ይጠይቃል። ብዙዎቹ ሥራቸው እንደተሻሻለ ተናገሩ፤ ምርቱም በተያዘለት ጊዜ ወጣ።

ሙከራው አብቅቶ ተመራማሪዋ ሲሄዱ ግን ቡድኑ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ። በዚያ ድርጅት የሚመሰገነውና ዕድገት የሚያገኘው ችግር ሲፈጠር ሌሊት አምሽቶ የሚያድነው ሰው ነበር፤ ችግሩ እንዳይፈጠር ጠዋት በጸጥታ የሠራውን የሚያስተውል አልነበረም።